ዘንገና ላይ የተለቀቁት አርባ ቀርከሃዎች

ነጥቦቹ እንደገና ወደ ምዕራብ ሄዱ።

ቤዛዊት ሀብቱ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ስክሪኑን ታያለች። አንድ ሺህ ነጫጭ ነጥቦች መጀመሪያ ሰማያዊው ክብ ውስጥ እንደ ጤፍ ተበትነው ይታያሉ። ከዚያ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። አንዳንዱ ይሽከረከራል፣ አንዳንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በመጨረሻ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል የክቡ ግራ ጠርዝ ላይ ሄደው ይለጠፋሉ። ፕሮግራሙን ስታስነሳው ይህ ሃያ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሃያ ሦስቱንም ጊዜ ውጤቱ አልተለወጠም።

«በቃ ቤዚ፣ ሌላ መሄጃ የላቸውም» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ዮዲት እያዛጋች። «መብራት ሳይጠፋብን ሴቭ አድርጊውና እንውጣ።»

ቤዛዊት ፈገግ ብላ ሴቭ አደረገችው።

ሁለቱም በእንጅባራ ከተማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ቤዛዊት ዝምተኛ፣ አንድ ነገር ከያዘች ሳትጨርስ የማትለቅ ልጅ ናት። ዮዲት ደግሞ ተጫዋች ናት፤ አርፍዳ ስትገባ እንኳ መምህራኑ ሊቆጧት ጀምረው ይስቃሉ።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው። የፊዚክስና የኮምፒውተር መምህራቸው ይሄነው አንድ አጭር ቪዲዮ አሳዩአቸው። ከየትኛውም አገር በራቀ ውቅያኖስ መካከል የውሃ መያዣ ጠርሙሶች፣ ክዳኖች፣ የተበጣጠሱ መረቦችና ነጠላ ጫማዎች ተሰባስበው ይንሳፈፋሉ። ከተማሪዎቹ አንዱ ማን እዚያ ድረስ ወስዶ እንደጣለው ጠየቀ። መምህሩ ማንም እዚያ እንዳልጣለው፣ ነፋስና የውሃ ሞገድ ከየባሕሩ ዳርቻ እየገፋ እንደሰበሰበው ነገሯቸው። ተመራማሪዎች ባሕሩ ላይ ሳይወጡ የት እንደሚከማች መገመት እንደሚችሉም አስረዱ። ኮምፒውተር ውስጥ ባሕር ይሠራሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች ይበትኑበታል፤ ነጥቦቹን በነፋሱና በሞገዱ ልክ እየገፉ መጨረሻቸውን ያያሉ። ይህን ሲሙሌሽን ይሉታል።

ቤዛዊት ባሕር አይታ አታውቅም። የዘንገናን ሐይቅ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አባቷ ተወልደው ያደጉት ሐይቁ አፋፍ ላይ ነው። ዘንገና ክብ ነው፤ ጥልቅ ነው፤ ዙሪያውን ዛፍ የለበሰ ገደል ከቦታል። በበዓል ቀን ለሽርሽር የሚመጡ ሰዎች የሚጥሉት ጠርሙስ እዚያው ሲንሳፈፍ ይከርማል። በማግስቱ ለዮዲት «ዘንገና እኮ ትንሽ ባሕር ነው» አለቻት። ዮዲት ሐሳቡ እስኪብራራላት አልጠበቀችም፤ «ልሥራ ካልሽ አለሁ» አለች።

ሦስት ወር ፈጀባቸው። የሐይቁን ቅርጽ ከመምህሩ ስልክ ካርታ ላይ ገለበጡ። የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ረጅም ጥብጣብ ሰቀሉ፤ ፍጥነቱን ለመለካት ከአራት የፕላስቲክ ኩባያዎች መሽከርከሪያ ሠሩ። ለስድስት ሳምንት ጧትና ከሰዓት እየወጡ መዘገቡ። ፕሮግራሙን የጻፈችው ቤዛዊት ናት። እያንዳንዱ ነጥብ በየሰዓቱ የነፋሱን ፍጥነት ሦስት በመቶ በሚያህል ፍጥነት ይገፋል፤ በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ በዕጣ የሚያወጣው ትንሽ መወዛወዝ ይጨመርበታል። ዳር ከደረሰ ይቆማል። ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሚነፍስ ነጥቦቹ ወደ ምዕራብ ዳርቻ ይሄዳሉ።

የቀረው እውነተኛውን ሐይቅ መጠየቅ ነበር። ፕላስቲክ ውሃ ውስጥ መወርወር ስላልፈለጉ፣ የቀርከሃ ወንበር ከሚሠሩት ከዮዲት አባት ቁርጥራጭ ለምነው አርባ ስንዝር ስንዝር የሚያህሉ ቁራጮች አዘጋጁ። ቀይ ቀለም ቀቧቸው፤ በጋለ ብረት ከአንድ እስከ አርባ ቁጥር ተኮሱባቸው። የካቲት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከአራቱም አቅጣጫ አሥር አሥር እያደረጉ፣ ክንዳቸው በቻለው ርቀት ወደ ሐይቁ ወረወሯቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዳርቻውን ዞረው የትኛው ቁጥር የት እንዳለ ሊመዘግቡ፣ ቁራጮቹንም ለሁለተኛ ቆጠራ እዚያው ሊተዉ ተስማሙ።

በቆጠራው ቀን ግን ቤዛዊት መሄድ አልቻለችም። ቤታቸው ድንች የሚወጣበት ቀን ነበርና አባቷ አንድም ሰው እንዳይጎድል ብለው ነበር። ዮዲት ብቻዋን ሄደች። ሰኞ ጠዋት ደብተሯን ዴስኩ ላይ ዘረጋችላት። ሠላሳ ሦስት ቀርከሃዎች በምዕራብ ዳርቻ፣ አራት በሰሜን፣ ያልተገኙ ሦስት። ቤዛዊት ቁጥሮቹን ደጋግማ አነበበቻቸው። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ሐይቁን በትክክል ገምታለች።

መምህር ይሄነው ከእነሱ በላይ ተደሰቱ። ውጤቱን በዚያው ሳምንት ወደ ዞን ላኩት፤ ሁለቱ ልጆች መጋቢት አጋማሽ ላይ ዳንግላ በሚካሄደው የሳይንስ ውድድር ትምህርት ቤቱን ወክለው እንዲቀርቡ ተመረጡ። ወሬው የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ዘንድ ደረሰ። የክበቡ ተማሪዎች ነጥቦቹ ባሳዩት ካርታ መሠረት ምዕራብ ዳርቻው ላይ የሚንሳፈፍ የቀርከሃ አጥር ሊሠሩ ወሰኑ። ቆሻሻው አጥሩ ውስጥ ሲጠራቀም ማውጣቱ ይቀላል። አርባ ተማሪዎች ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሊሠሩ ስማቸውን አስመዘገቡ።

በዚያ ሰሞን እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቤዛዊት ከአባቷ ጋር ወደ ዘንገና ሄደች። ለአክስቷ ለበቀለች ድንች ሊያደርሱላቸው ነው። አክስት በቀለች ከሐይቁ በስተምሥራቅ አፋፉ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ እጃቸው ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሴት ናቸው። ልጆቹ ቀርከሃ ሲወረውሩ በዋሉበት ቅዳሜ ገበያ ሄደው ስለነበር አላዩዋቸውም። ከአባቷ ጋር በአዊኛ፣ ከእሷ ጋር በአማርኛ እያወሩ ቆሎ አቀረቡላቸው። ከዚያ ያፈሉትን የጎመን ችግኝ ሊያሳዩአቸው ወደ ጓሮ ወሰዷቸው።

መደቡን ዶሮ እንዳይጭረው ዙሪያውን በቁራጭ እንጨት አጥረውታል። ቁራጮቹ ቀይ ናቸው። ቤዛዊት ጎንበስ ብላ አንዱን ነካችው። አፈሩን ስትጠርግለት የተተኮሰበት ቁጥር ታየ፤ አሥራ ሰባት።

«አክስቴ፣ እነዚህን ከየት አገኟቸው?» አለች።

«ከታች፣ ከብት ከማጠጣበት። ውሃው እያመጣ ይጥልልኛል። ቀለማቸው ደስ ቢለኝ ለቀምኳቸው። የሰው ናቸው እንዴ?»

ቤዛዊት መቼ እንደለቀሟቸው ጠየቀቻቸው። አክስት በቀለች አሰብ አደረጉና አብዛኞቹን ከሚካኤል በፊት፣ ጥቂቶቹን ከሚካኤል በኋላ እንዳገኙ ነገሯት። ሚካኤል የዋለው ዮዲት ለቆጠራ ከሄደችበት ቅዳሜ ሦስት ቀን ቀድሞ ነበር።

መደቡን እየዞረች ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከአሥራ አንድ እስከ ሃያ ያሉትን ቁጥሮች የወረወሯቸው ከምዕራብ በኩል እንደነበር ታስታውሳለች። አሥራ ሰባት ቁጥር ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ እዚህ ደርሷል ማለት ነው። በዮዲት ደብተር ላይ ግን ከምዕራብ ዳርቻ አልተነቃነቀም። አባቷ ምን ሆነሽ አሏት። ምንም አለች። አክስቷ ሁሉንም ልንቀልልሽ ቢሏት፣ ችግኙ እስኪጠና ይቆዩልኝ ብላ አሥራ ሰባት ቁጥርን ብቻ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ክፍሉ ባዶ ሲሆን ቀርከሃውን አውጥታ ዮዲት ፊት አስቀመጠችው። የት እንዳገኘችውም ነገረቻት። ዮዲት ቁጥሩን በአውራ ጣቷ አሻሸችው።

«አንድም ሳትቆጥሪ ነው የጻፍሽው?» አለቻት ቤዛዊት።

«ሦስት ቆጥሬአለሁ።»

«ሦስት?»

«ምዕራብ ዳርቻውን ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለግኩ፤ ሦስት ብቻ ነው ያገኘሁት። ከዚያ ተቀመጥኩ።» ዮዲት ቀና ብላ አላየቻትም። «ሦስት ወር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠሽ አይቼሻለሁ፤ ምሳሽን እንኳ ትረሻለሽ። መጥቼ ሦስት ልልሽ አቃተኝ። አንቺ ትክክል እንደሆንሽ እርግጠኛ ነበርኩ። ቀርከሃዎቹ ናቸው የተሳሳቱ የመሰለኝ።»

ቤዛዊት ተቆጥታለች። ግን ደግሞ ዮዲት ዋሽታ ያገኘችው ነገር የለም፤ ለእሷ ብላ ነው የዋሸችው። ቀርከሃውን አንስታ ወጣች። በዚያ ቀን ከአምስተኛ ክፍል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለየብቻቸው ወደ ቤት ሄዱ።

ሁለት ቀን ለማንም ሳትናገር ቆየች። ማንም የሚያውቅ የለም። አክስት በቀለች ቀርከሃዎቹ ለምን እንደተለቀቁ አያውቁም፤ ችግኙ ሲነሣ ምናልባት ማገዶ ያደርጓቸዋል። ዳንግላ ላይ የሚዳኙት ሰዎች ዘንገናን ዞረው አይቆጥሩም። እንዲህ እያለች ስታስብ መጥፎ ሰው የሆነች አልመሰላትም፤ ነገሩን ብቻ መተው ነው። ግን ደግሞ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ እንኳ ሌላ ጥያቄ እየመጣ ያስቸግራት ነበር። ነፋሱ ከምሥራቅ እየነፈሰ፣ ቀርከሃው በምን ወደ ምሥራቅ ሄደ?

ረቡዕ ከሰዓት የክበቡ ተማሪዎች ለአጥሩ የሚሆን ረጃጅም ቀርከሃ ከግቢው ጓሮ እያወጡ በር አጠገብ ሲከምሩ አየቻቸው። ሁለት ሁለት ሆነው በትከሻቸው ይሸከማሉ፤ እየሳቁ ይገፋፋሉ። ቅዳሜ ሁሉንም ተሸክመው ምዕራብ ዳርቻ ድረስ ሊወርዱ ነው። ቤዛዊት ትንሽ ቆማ ካየቻቸው በኋላ ዮዲትን ፍለጋ ሄደች። ቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘቻት።

«ለቲቸር ልነግር ነው» አለቻት። «ስምሽን ሳልጠራ ልናገር እችላለሁ። ቆጠራው ትክክል አይደለም ብል ይበቃል።»

ዮዲት ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ማነው የቆጠረው ብለው ሲጠይቁሽስ ምን ልትያቸው ነው? አብሬሽ እመጣለሁ።»

መምህር ይሄነው የኮምፒውተር ክፍሉን ሊቆልፉ ሲሉ ደረሱባቸው። ዮዲት ራሷ ተናገረች፤ ቃል ሳታሳምር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። መምህሩ ቁልፉን በእጃቸው እያዞሩ ሰሟት። ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። ስትጨርስ ግን አልተቆጡም። ውጤቱ ለዞን ከተላከ ቆይቷል አሏቸው፤ ስሕተት ነበር ብለው ከጻፉ ከውድድሩ ሊሰረዙ ይችላሉ። ካልጻፉ ደግሞ እሳቸውም አብረው ዋሹ ማለት ነው።

«ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነኝ» አሉ። «ምን ብዬ እንደምጽፍ ግን ከእናንተ ልስማ።»

ሁለቱ ልጆች ተያዩ። «የሆነውን ይጻፉልን» አለች ቤዛዊት። ዮዲትም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ክበቡ የአጥሩን ሥራ በሁለት ሳምንት አዘገየ። ቤዛዊትና ዮዲት በማግስቱ ከሰዓት ትምህርት ስላልነበራቸው በባጃጅ እስከ ዋናው መንገድ፣ ከዚያ በእግር ወደ ዘንገና ሄዱ። በመጀመሪያ ብዙም አላወሩም። ቁልቁል ሲወርዱ ግን ዮዲት አንሸራቷት በቂጧ ቁጭ አለች፤ ተነሥታም «ይህንንም መዝግቢው፤ አንዲት ልጅ፣ በምሥራቅ ዳርቻ» አለች። ቤዛዊት ሳቋ አመለጣት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ።

አክስት በቀለች ከብቶቻቸውን ሊያጠጡ አብረዋቸው ወረዱ። ቤዛዊት ስለ ነፋሱ ጠየቀቻቸው። አክስቷ የሚያስቡት በአዊኛ ስለሆነ እሱኑ ተናገሩ፤ ቤዛዊት የገባትን እየሰበሰበች ለዮዲት ተረጎመችላት። ከላይ ቤታቸው ደጅ ወደ ሐይቁ ዞረው ሲቆሙ ነፋሱ ጀርባቸውን ይመታቸዋል። እዚህ ታች ከብት ሲያጠጡ ግን ከውሃው በኩል መጥቶ ፊታቸውን ይመታል። ዘመናቸውን ሙሉ እንዲህ ነው።

ልጆቹ ጥብጣባቸውን በዘንግ ላይ አስረው ውሃው ዳር ተከሉት። ጥብጣቡ ወደ አክስት በቀለች ቤት፣ ወደ ምሥራቅ ተዘረጋ። ሽቅብ ባለው አፋፍ ላይ ደግሞ የዛፎቹ ጫፍ ወደ ምዕራብ ያጎነብሳል። ቤዛዊት ለረጅም ጊዜ ሽቅብና ቁልቁል ስታይ ቆየች። ነፋሱ ገደሉን ተሻግሮ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ ይጠቀለላል፤ ውሃው ላይ ሲደርስ አቅጣጫው ተገልብጧል።

«የለካነው የትምህርት ቤታችንን ጣሪያ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ዘንገናን አልለካንም።»

ተናድዳ አልነበረም የተናገረችው። እንዲያውም ፊቷ በርቷል።

በሚቀጥሉት ቀናት አራት ጊዜ ተመላለሱ። ነፋሱን በስድስት ቦታ ውሃው ዳር ለኩት። ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ዳርቻውን አንድ ላይ ዞሩ፤ እሾህ ያለበትን እየዘለሉ፣ ገደል የሆነበትን በአፋፉ እየታጠፉ። በምሥራቅ ከአክስት በቀለች አሥራ ዘጠኝ ጋር ሃያ አራት ሆኑ። በሰሜን አራት። በምዕራብ ዮዲት ያየቻቸው ሦስቱ ብቻ። ዘጠኙን የትም አላገኟቸውም። ዮዲት ደብተሩ ላይ ዘጠኝ ብላ ከጻፈች በኋላ አንድ ቋጥኝ ሥር ተመልሳ ፈልጋ መጣች፤ ቁጥሩ ግን ዘጠኝ እንደሆነ ቀረ።

ቤዛዊት አዲሱን ነፋስ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባች። ነጥቦቹ በዚህ ጊዜ አልቸኮሉም። ከግማሽ የሚበልጡት እየተንቀራፈፉ ወደ ምሥራቅ ሄዱ፤ ጥቂቶች ሰሜን ጥግ ተጠራቀሙ፤ ሌሎቹ መካከል ላይ ሲዞሩ ቀሩ። እንደ መጀመሪያው የሚያምር ካርታ አልነበረም። ክበቡም ረጃጅም ቀርከሃዎቹን ተሸክሞ በአክስት በቀለች ማሳ ድንበር በኩል ወደ ምሥራቅ ዳርቻ ወረደ። አክስት በቀለች የቀቀሉትን ድንች በበርበሬ አቅርበው አርባውንም አበሉ። አጥሩ በውሃው ላይ በተዘረጋ በአራተኛው ቀን ዘጠኝ ጠርሙስና አንድ የልጅ ኳስ ያዘ።

የዞኑ መልስ የመጣው ለውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። መምህር ይሄነው አነበቡላቸው። ውጤቱ ከተላከ በኋላ ስለተለወጠ ለደረጃ አይወዳደሩም፤ ከፈለጉ ግን መጥተው ሥራቸውን ማሳየት ይችላሉ። ዮዲት ደብዳቤውን ተቀብላ ሁለተኛ አነበበችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ አለች። ቤዛዊት እንሂድ ወይስ እንቅር ብላ ብቻ ጠየቀቻት። እንሂድ አለች።

ዳንግላ በጠዋት ደረሱ። ከመናኸሪያው እስከ አዳራሹ በጋሪ ነው የሄዱት። መምህሩ ኮምፒውተሩን፣ ዮዲት ስክሪኑን ጭናቸው ላይ ታቅፈዋል፤ ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ዮዲት ስክሪኑን እንደ ሕፃን እያባበለች ጋሪ ነጂውን አሳቀችው። ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ተሰጠቻቸው። ዳኞቹ በአጠገባቸው አልፈው ሄዱ። ተማሪዎች ግን መምጣት ጀመሩ። አንዱ ሌላውን እየጠራ ጠረጴዛዋን ከበቧት፤ ነጥቦቹ ሲንቀሳቀሱ ለማየት የኋለኞቹ በእግር ጣታቸው ጫፍ ይቆማሉ። ዮዲት በደንብ ታስረዳለች። ዘጠኙስ የት ሄዱ ሲሏት «አናውቅም፤ ምናልባት ሰው አንሥቷቸዋል፤ ምናልባትም ሰጥመዋል» ትላለች።

ወደ ማብቂያው ገደማ ከዳንግላ ወጣ ካለ የገጠር ትምህርት ቤት የመጡ ውብአየሁ የሚባሉ መምህርት ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው ቆዩ። በመንደራቸው ለመስኖ የተሠራ ትንሽ ግድብ አለ። የሚንሳፈፈው ሁሉ እየሄደ የውሃ መውጫውን ይደፍንባቸዋል። ተማሪዎቻቸው ይህንን ቢሠሩ ደስ እንደሚላቸው ተናግረው ፕሮግራሙን ይገለብጡላቸው ዘንድ ፍላሽ አወጡ።

«ነፋሱን ከትምህርት ቤታችን ጣሪያ ላይ እንለካዋለን» አሉ። «ከግድቡ ብዙም አንርቅም።»

ቤዛዊት ፍላሹን ተቀብላ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ፎልደሮች አሉ። አንደኛው የአሁኑ ነው። ሌላው የመጀመሪያው ሥራቸው ነው፤ የጣሪያው ነፋስ፣ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ነጥቦች፣ ከእነሱም ጋር ዮዲት የሞላችው ሠንጠረዥ። የመምህርቷ ተማሪዎች ጣሪያ ላይ መውጣታቸው ካልቀረ፣ ጣሪያ ላይ ወጥተው የተሳሳቱ ሰዎች የሠሩትን ቢያዩ ይጠቅማቸዋል። ሠንጠረዡ ግን ሠላሳ ሦስት ይላል። እንዳለ ከሄደ የተሳሳተውን ካርታ ትክክል አስመስሎ ይሄዳል። ሠንጠረዡን ማጥፋትም ትችላለች፤ አንድ ጊዜ መጫን ነው። ማንም አይጠይቃትም።

ቀስቱን ወደ ሠንጠረዡ ወሰደችው። ዮዲት ማስረዳቷን አቁማ ከጎኗ ቆማለች፤ ስክሪኑን እያየች ነው። ፊቷ ቀልቷል፤ አጥፊውም ተዪውም አላለችም።

ቤዛዊት እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። ከወንበሩ ተነሥታ ለዮዲት ለቀቀችላት።

ዮዲት ተቀመጠች፤ ሠንጠረዡን ከፈተች፤ ከቁጥሮቹ በላይ ባዶ መስመር ጨመረች። በሁለት ጣት እየፈለገች በዝግታ ጻፈች፤ «ይህንን የሞላሁት ሐይቁን ዞሬ ሳልቆጥር ነው። ዮዲት።» አንድ ጊዜ አነበበችውና ሴቭ አደረገችው። ሁለቱንም ፎልደሮች መርጣ ወደ ፍላሹ መገልበጥ ጀመረች።

መምህርት ውብአየሁ የመጀመሪያው ፎልደር ለምን እንዳስፈለገ ጠየቁ። ቤዛዊት ከዮዲት ወንበር አጠገብ ቆማ፣ ስለ ዘንገና ገደልና ስለሚጠቀለለው ነፋስ ከመጀመሪያው አንሥታ ታስረዳቸው ጀመር።